በጣም እስማማለሁ

ባለፈው ወር አንድ ተማሪ ካፌ ቁጭ ባልኩበት መጥቶ መጠይቅ ሰጠኝ። ለመመረቂያ ጥናቱ ነው። ጅማ ውስጥ ሐኪም ሆኖ መጠይቅ ሳይሞሉ የሚያልፍ ወር የለም፤ አንዳንዴ ከቡናው ቀድሞ የሚመጣው መጠይቁ ነው። የዚህኛው ርዕስ በሥልጠና ላይ ያለን ሐኪሞች በማስረጃ ላይ ለተመሠረተ ሕክምና ስላለን አመለካከት ይላል። ከየጥያቄው ጎን አምስት ሳጥን አለ። ከ«በጣም እስማማለሁ» ይጀምርና «በፍጹም አልስማማም» ላይ ያልቃል።

በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ለታካሚው ይጠቅማል? በጣም እስማማለሁ። አዳዲስ ጥናቶችን መከታተል የሐኪም ሥራ ነው? በጣም እስማማለሁ። መድኃኒት ከማዘዜ በፊት ማስረጃው ምን እንደሚል አጣራለሁ? እዚህ ጋ እስክሪብቶዬ ትንሽ አመነታች። ግን ማኪያቶዬ እየቀዘቀዘ ነው፣ ልጁ ቆሞ እያየኝ ነው፣ ውጭ ደግሞ የጅማ ዝናብ ሊለቀው ነው። በጣም እስማማለሁ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

የዚያኑ ዕለት ማታ ዱቲ ነበርኩ። የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ፤ ስፔሻሊስት ለመሆን እየሠለጠንኩ፣ ሁለተኛ ዓመት።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ከሊሙ በኩል አንድ አባት መጡ፤ ልጃቸው ከመኪና አውርዶ በጀርባው አዝሏቸው ገባ። ስትሮክ ነው። ግራ እጅና እግራቸው አይታዘዝም፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ትኩሳት የለም። ሳል የለም። ደረታቸውን አዳመጥኩት፣ ደህና ነው። ቁጭ ብዬ ኦርደር ስጽፍ እጄ እኔን ሳያማክር ሦስተኛው መስመር ላይ «ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ» ብሎ ጻፈ። በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው።

አብሮኝ የሚያድረው ኢንተርን፣ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ አንገቱን አስግጎ አነበበ።

«ዶክተር፣ ሴፍትሪያክሶኑ ለምንድን ነው?»

«ለአስፒሬሽን።» ምግብ ወይም ምራቅ ተሳስቶ ሳንባ ሲገባ ማለት ነው።

«አስፒሬት አድርገዋል እንዴ?»

«አላደረጉም። ምናልባት ካደረጉ ብዬ ነው። ለጥንቃቄ።»

«ለጥንቃቄ ሲሰጥ ግን ይጠቅማል?»

«ፈልገህ ንገረኛ!» አልኩት። ይህ በእኛ ቤት ቋንቋ «ዝም በል» ማለት ነው።

ልጁም ዝም አለ። እኔ ግን ብስጭቴ አልበረደም። የተበሳጨሁት ጥያቄው የማይረባ ስለሆነ አልነበረም። መልሱን አላውቀውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስጽፈው የኖርኩትን መድኃኒት ለምን እንደምጽፈው አላውቅም። ኢንተርን ሳለሁ ሬዚደንቱ ሲጽፍ አየሁ። እሱም የሱ ሬዚደንት ሲጽፍ አይቷል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የዘር ሐረግ የሚቆጥር የለም። እና ይህን የማደርገው ሰው፣ ያው ጠዋት ካፌ ውስጥ በጣም እስማማለሁ ብዬ የሞላሁት ሰው ነኝ።

እንዲህ ዓይነት ጥናት በየአገሩ ይሠራል፤ ውጤቱም ሲበዛ ይመሳሰላል። ሠልጣኙ ሐኪም ነገሩን ይወደዋል፣ ይደግፈዋል፣ ግን ብዙም አይሠራበትም። ለምን ሲባል ጊዜ የለኝም፣ ኢንተርኔት የለም፣ ስታቲስቲክሱ አይገባኝም ይላል። ውሸት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ ሒናሪ የሚባል በር ከፍቷል፤ እንደኛ ያለ አገር ውስጥ ያለ ተቋም ውድ የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ የሚያነብበት ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ግን ፓስወርዱን ያገኘን ቀን ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ የመጣ ቀን ፓስወርዱ ተቀይሯል። አሁንም ዋርድ ውስጥ ኔት የሚይዘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወስደው ደረጃ መሀል፣ መስታወቱ የተሰበረው መስኮት ሥር። እዚያ ቆመህ ስልክህን ወደ ውጭ ትዘረጋለህ። ሌሊት ላይ ደረጃው ላይ ሁለት ሦስት ነጭ ጋውን ተደርድሮ ታያለህ፣ እጃቸውን እንደ ኪዳን አድራሽ ወደ ላይ ዘርግተው። ላይብረሪያችን ይሄ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል።

ግን ኔትወርኩ ቢስተካከል የምንለወጥ አይመስለኝም። ሌላ ነገር አለ።

አንዱ ጣጣ ቃሉ ራሱ ነው። ማስረጃ ስንል ፍርድ ቤት ይሸታል። ማስረጃ አምጣ የሚባለው የተከሰሰ ወይም የተጠረጠረ ሰው ነው። መረጃ ሌላ ማስረጃ ሌላ እያልን በፖለቲካው ስንት ጊዜ ቀልደናል! እና አንድ የ26 ዓመት ልጅ፣ 20 ዓመት የሠሩ ሐኪም ፊት ቆሞ «ማስረጃው ምንድን ነው?» ሲል እሳቸው የሚሰሙት «ይዋሻሉ» የሚል ነው። ለዚህ ይመስለኛል ራውንድ ላይ፣ አልጋ ለአልጋ እየዞርን ታካሚ ስናይ፣ ቃሉን በአማርኛ ማንም የማይናገረው። «ኤቪደንሱ» እንላለን። ባዕዱ ቃል ስድቡን ትንሽ ያለዝበዋል።

የቃሉ አባት የሚባለው ሰውም ይህ ደርሶበታል። ጎርደን ጋያት ካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሬዚደንቶችን ሥልጠና በ1990 እ.ኤ.አ. ሲረከብ ለአዲሱ አካሄድ መጀመሪያ ያወጣለት ስም «ሳይንሳዊ ሕክምና» የሚል ነበር። ባልደረቦቹ ተቆጡ። ታዲያ እኛ እስከ ዛሬ የሠራነው ሳይንስ አልነበረም ልትል ነው? ስሙን ቀየረው፤ በ1991 ዛሬ የምናውቀው ስም ታትሞ ወጣ፣ በዓመቱ ደግሞ እሱና ጓደኞቹ ጃማ በሚባለው የአሜሪካ ሐኪሞች መጽሔት ላይ በሰፊው ጻፉበት። (ጃማ ከጅማ ጋር ዝምድና የለውም። አንደኛ ዓመት ሳለሁ ግን ያለው መስሎኝ ኮርቼ ነበር።) እንግዲህ ነገሩ ገና ሲወለድ ሽማግሌ አስቀይሟል። የሐበሻ ሲኒየር ብቻ ነው የሚኮሳተረው እያልን የምናማው ትክክል አይደለም።

መጠየቅ ባህላችን አይደለም የሚለውንም አልቀበልም። የድሮ ተሟጋቾች አደባባይ ቆመው አንዱ «ተጠየቅ!» ሌላው «ልጠየቅ!» ይባባሉ ነበር። ወግ ነበረው። መጠየቅ ውርደት አልነበረም። ራውንድ ላይ ግን ተጠየቅ የሚባለው ወደ ታች ብቻ ነው። ሲኒየሩ ሬዚደንቱን፣ ሬዚደንቱ ኢንተርኑን፣ ኢንተርኑ ዋርድ ገና የገባውን ሲ ዋን ተማሪ ይጠይቃል፤ ሲ ዋኑ ደግሞ የሚጠይቀው ሲያጣ ታካሚውን ያደርቃል።

ጅማ የተማረ ሰው ቲቲፒን፣ በቡድን ወረዳ ወርዶ መሠልጠኑን፣ አይረሳም። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1983 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ጀምሮ ትምህርቱ ማኅበረሰብ ውስጥ ይሁን ተብሎ ነው የታሰበው፤ ዩኒቨርሲቲውም ያንን ወርሶ እስከ ዛሬ ይኮራበታል። የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪ ተማሪ አንድ ላይ ተሰብስቦ ወረዳ ይወርዳል፣ አንድ ቤት ይከራያል፣ በአንድ ድስት ሽሮ ይበላል፣ ቤት ለቤት ይዞራል። እኛ በወረድንበት ወረዳ አንዲት እናት የልጇን እንጥል አስቆርጣ አገኘናት። ጤና ኤክስቴንሽኗ እያስተረጎመችልን «ለምን አስቆረጥሽው?» አልናት፣ ትንሽ ቆጣ ብለን።

«እኔንም እናቴ አስቆርጣኛለች። ምን ሆንኩ?»

ቅጹ ላይ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» የሚል ሳጥን ነበረ። ምልክት አደረግንና ወጣን። ማታ ሽሮ እየበላን ምላሿን ደጋግመን እያወራን ሳቅን። በእውነቱ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም፤ እንጥል መቁረጥ ልጅ ይገድላል። ግን ያቺን ሌሊት ከሊሙው አባት አልጋ አጠገብ ቆሜ ትዝ ያለችኝ እሷ ነች። ሴፍትሪያክሶኑን ለምን ጻፍከው? ሬዚደንቴም ይጽፍ ነበር። ምን ሆንኩ?

ነገሩ ወጣቱ ማስረጃ ያውቃል፣ ሽማግሌው ልማድ ይከተላል የሚል እንዳይመስል የራሴን ጉድ ልናገር።

ኢንተርን ሳለሁ ነው፤ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል፣ ሌሊት። ከግልገል ጊቤ በኩል ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ይዘው መጡ። ወባ ነው። እጇ በረዶ፣ ትንፋሿ ፈጣን፣ የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ገለጥ ስታደርገው ወረቀት። መጽሐፉን በቃሌ ነበር የማውቀው፤ ሾክ ከሆነ፣ የደም ዝውውሩ ከተዳከመ ማለት ነው፣ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በፍጥነት ስጥ፣ ካልተመለሰ ድገም። ከረጢቱን ሰቅዬ ልለቀው ስል የዕለቱ ሲኒየር ደረሱ። ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። የልጅቷን መዳፍ ገልጠው አዩና ወደኔ ዞሩ።

«ይቺ ልጅ የጎደላት ውሃ ነው ደም?»

«ደም እስኪመጣ ብዬ ነው ዶክተር…»

«እስኪመጣ ያለውን አታቅጥንባት። ዝጋው። አንተ ሂድና ደም ባንኩ በር ላይ ቁም፣ ሳትይዝ እንዳትመለስ።»

ሄድኩ። እየሄድኩ ግን በሆዴ «እኚህ ሰው ጋይድላይን አያነቡም» እያልኩ ነበር። በማግሥቱም ለጓደኞቼ አወራሁላቸው፣ የቲቲፒውን ሳቅ ሳቅን። ልጅቷ ደሟን አገኘች፣ ተሻላት፣ ወጣች። እሱም አላሳመነኝም። አንዲት ልጅ ማስረጃ አይደለችም፤ ይህን ያህል ተምሬያለሁ።

ከወራት በኋላ ጆርናል ክለብ ላይ፣ ጥናት እያነበብን በምንወያይበት ስብሰባ፣ አንድ የሕፃናት ሬዚደንት ፊስት የሚባለውን ጥናት አቀረበ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ የተሠራ፣ እዚሁ ጎረቤት። ትኩሳት ያለባቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናት በዕጣ ተከፈሉ። ለአንዱ ወገን ፈሳሽ በፍጥነት ተለቀቀ፣ እንደኔ መጽሐፍ። ለሌላው አልተለቀቀም። በ48 ሰዓት ውስጥ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከ100 ሕፃናት ከ10 በላይ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው 7 ገደማ። ጥናቱ ሊያልቅ ከታሰበበት ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ከሕፃናቱ ከግማሽ በላይ ወባ ነበረባቸው፤ ሲሶው ገደማ ደማቸው ክፉኛ አንሶ ነበር። ማለትም ያቺ የጊቤ ልጅ። (ተቅማጥ ያደረቀው ልጅ ጥናቱ ውስጥ አልገባም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን የሚያድነው ፈሳሽ ነው።)

ወንበሬ ላይ ሰመጥኩ። እኔ ማስረጃ ብዬ የያዝኩት የተጻፈው መተንፈሻ ማሽን በየአልጋው ራስጌ ለሚገኝበት አገር ነው። እሳቸው የተናገሩት ደግሞ እዚሁ በኛ ልጆች ላይ ተፈትኖ የተገኘውን ነው። አንብበውት ይሁን ወይስ የስንት ዓመት የወባ ሌሊት አስተምሯቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጠየቅኳቸውማ! ያኔ «ለምን ዶክተር?» ብል ኖሮ ምናልባት በሁለት ደቂቃ ያስረዱኝ ነበር። እኔ ግን ታዘዝኩ፣ ከኋላቸው አማኋቸው፣ ማስረጃ ወዳድ ነኝ ብዬም ተኛሁ። ለሲኒየር መታዘዝና ሲኒየርን ማማት አብረው ነው የሚሄዱት። ሁለቱም ከመጠየቅ ያድኑሃል።

የዚሁ አካሄድ ሌላው መሥራች ዴቪድ ሳኬት በ1996 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሐኪሞች መጽሔት ላይ በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ሲያብራራ የሐኪሙ ልምድና ከውጭ የሚመጣው ጥናት አንዱ ያለ አንዱ አይበቃም ይላል። ልምድ የሌለው ሰው እጅ ላይ ጥናቱ ራሱ አምባገነን ይሆናል ነው ነገሩ። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ያህል ናት። የጠዋቱ ስብሰባ፣ ሞርኒንግ ላይ ጓደኛውን ለማሳፈር ብቻ «ሌቭል ዋን ኤቪደንስ» እያለ የሚተኩስ ሬዚደንት ሁሉ ቢያነባት ጥሩ ነበር። አውቃችኋለሁ። አንዱ እኔ ነበርኩ።

ማስረጃ አገር እንደሚመርጥ ሌላም ምሳሌ አለ፣ በአጭሩ ልለፈው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ዓርማ ላይ ያሉት አግዳሚ መስመሮች ያለ ቀኑ ሊወለድ ላለ ልጅ ሳንባ ሲባል ለእናትየው ስቴሮይድ መስጠትን የፈተኑ ጥናቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ በ1972 እ.ኤ.አ. የታተመ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ ሕይወት ያድናል። በ2015 ግን ነገሩን ወደ ድሃ አገሮች፣ እስከ ታችኛው ጤና ተቋም ድረስ አውርዶ የሞከረ ትልቅ ጥናት የሕፃናት ሞት ሳይቀንስ እንዲያውም ጨምሮ አገኘው። በ2020 ደግሞ እንደኛ ባሉ አገሮች፣ ግን አልትራሳውንድና ለጨቅላው እንክብካቤ ባላቸው ሆስፒታሎች ሲሞከር ሞትን ቀነሰ። መድኃኒቱ ያው ነው። የተለየው ዙሪያው ነው። ስለዚህ «ጥናት አለ» ብሎ ማቆም አይቻልም። በማን ላይ? የት? ምን ባለበት? ይህን ሁሉ ጠይቅ ሲሉት ነው ሰው የሚደክመው።

የማትደክም አንድ ሰው አውቃለሁ። እናቴ ነች።

እማዬ በዓመት ሦስት ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» ይይዛታል። የማን እናት አይይዛትም? ራሷን ያማታል፣ ይቆረጥማታል፣ ክሊኒክ ትሄዳለች፣ ደም ትሰጣለች፣ ወረቀቱ ላይ 1 ለ 160 ተብሎ ይጻፋል፣ ሲፕሮና ዶክሲ የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ይዛ ትመለሳለች። ምርመራው ዊዳል ይባላል። በ1896 እ.ኤ.አ. አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ያስተዋወቀው ነው፤ የታይፈሱ ጓደኛው ዌይል ፌሊክስም 1916 ላይ የመጣ ሽማግሌ ነው። ዊዳል የሚያየው ጀርሙን አይደለም፣ ሰውነት ለጀርሙ የሰጠውን መልስ ነው። እንደኛ ሰው ሁሉ በልጅነቱ ከብዙ ጀርም ጋር በሚተዋወቅበት አገር ያ መልስ የዛሬ ይሁን የድሮ፣ የታይፎይድ ይሁን የዘመዱ፣ በአንድ ጊዜ ምርመራ አይለይም። የተሻለው ጀርሙን ከደም ላይ አሳድጎ ማየት ነው፣ ብላድ ካልቸር። እሱ ደግሞ በየክሊኒኩ የለም።

ይህን ሁሉ አንድ እሁድ ቡና ሲፈላ አስረዳኋት። ሰማችኝ። ፈንዲሻውን እየበተነች፦

«እንዴ! ወስጄው አልዳንኩም?»

«ሳትወስጂውም ትድኚ ነበር እማዬ።»

«በምን አወቅክ?»

ይኸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ራውንድ ላይ ያልጠየቀኝን ጥያቄ። እኔ መልስ ስፈልግ እሷ ራሷ ቀጠለች።

«ቆይ… ባለፈው እኔና የሐጂ ሚስት አንድ ቀን ነው የተኛነው። እሷ ክሊኒክም አልሄደች፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ነው የጠጣችው። ሐሙስ እኔ ተነሣሁ። ሐሙስ እሷም ተነሣች።» ሲኒውን አስቀመጠች። «እና ብሬን ለምንድን ነው የሚወስዱኝ?»

«ሁለት ሰው ግን አይበቃም፣ ብዙ ሰው ማወዳደር…»

«አንተ ደግሞ! መንደሩን ሁሉ ላሳምምልህ?»

ይህን ጨዋታ ለጓደኞቼ ስነግራቸው እናትህን ሬዚደንሲ አስገባት ይሉኛል። ለማስዋብ ስል አልዋሽም፤ በሚቀጥለው ራስ ምታት ተመልሳ እዚያው ክሊኒክ ሄዳለች። «ደሜን ሳያዩ ምን ያውቁልኛል?» ነው መልሷ። እኔም ብሆን ወደ ስፔሻሊቲ ከመግባቴ በፊት ጂፒ፣ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ገጠር ስሠራ በየቀኑ ዊዳል አዝ ነበር። ሰልፉ ውጭ ድረስ ነው፣ ታካሚው ሦስት ሰዓት በእግሩ መጥቶ ያለ ደም ምርመራ ብትሸኘው ያልታከመ ይመስለዋል፣ ለማስረዳት ደግሞ የኔ ኦሮምኛ እስከ ሰላምታ ነው የሚደርሰው። አንድ ወረቀት ላይ «ዊዳል» ብሎ መጻፍ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። ለምን እንደማያስፈልግ መናገር አሥር ደቂቃ። ስለ አመለካከት የሚጠይቁ መጠይቆች ይህን ሂሳብ የሚጽፉበት ሳጥን የላቸውም።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ።

11 ሰዓት አካባቢ ወንበር ላይ እንዳንቀላፋሁ ኢንተርኑ ቀሰቀሰኝ። ፀጉሩ ረጥቧል። ደረጃው መስኮት ሥር ቆሞ ነበር ለካ፣ በዝናብ። «ፈልገህ ንገረኝ» ያልኩትን የምር ወስዶታል።

«ዶክተር፣ አለ። ሆላንድ ውስጥ የተሠራ ነው፣ 2015፣ ላንሴት ላይ። ከ2,500 በላይ የስትሮክ ታካሚ። መድኃኒቱም ራሱ ሴፍትሪያክሶን፣ በቀን 2 ግራም ለአራት ቀን።»

«እሺ?»

«ኢንፌክሽን ቀንሷል፣ በተለይ የሽንት። ግን ከሦስት ወር በኋላ ሲታዩ በአቅማቸውም በሞትም ለውጥ የለም።»

ከወንበሬ ሳልነሣ አፌ ላይ የመጣው ምን መሰላችሁ? «ሆላንድ ነዋ!» እዚያ የስትሮክ ክፍል አለ፣ ታካሚው ሲውጥ የሚያይ ባለሙያ አለ፣ እዚህ አስታማሚው በተኛበት ሾርባ ይግተዋል፣ የኛ ይለያል። ከፊስት የተማርኩትን አንድ በአንድ አመጣሁት። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው ወይስ የእልህ ማምለጫ? ራሴን ስመረምረው ሁለቱም ነበር። ልጁ ግን አልተከራከረኝም።

«እንግዲያው ሲውጡ እንያቸዋ» አለ።

ቀና አድርገን አስቀመጥናቸውና በማንኪያ ውሃ ሰጠናቸው። ሳሉ። ደግመን ሰጠናቸው፣ ሳሉ፣ ድምፃቸው ረጠበ። ስለዚህ በአፍ ምንም እንዳይሰጣቸው ብለን የአፍንጫ ቱቦ አስገባን፣ ራስጌያቸውን ከፍ አደረግን፣ ለልጃቸው በነርሷ አስተርጓሚነት ሾርባውን እንዲያቆም ነገርነው። ሴፍትሪያክሶኑን ሰረዝኩት። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሳናይ ነው እንግዲህ ለጥንቃቄ መድኃኒት ያዘዝኩት።

ልጃቸው ግን ቀድሞን ነበር። ከግቢ ውጭ ካለ ፋርማሲ ሁለት ቫያል ገዝቶ መጥቷል። ሊመልስ ሄደ። «የተሸጠ መድኃኒት አይመለስም።» ተለጥፏል። ሁለቱን ጠርሙስ በመዳፉ ይዞ ተመልሶ ሲቆም እሱን ዓይን ለዓይን ማየት ከበደኝ።

ጠዋት ራውንድ ላይ ሲኒየራችን ቻርቱን ገልጠው ከላይ እስከ ታች አነበቡ።

«አንቲባዮቲክ አልጀመራችሁም?»

ላብራራ አፌን ስከፍት ኢንተርኑ ቀደመኝ። እግሩን ልረግጠው ምንም አልቀረኝም። ጥናቱን ተናገረ፣ ዓመቱን፣ ቁጥሩን፣ የሽንት ኢንፌክሽኑንም ሳይደብቅ፣ ቀጥሎ የውሃውን ምርመራ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ዋርዱ ጸጥ አለ። ሲኒየሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ትኩሳት ከመጣ እንዲነገራቸው አዘዙ፣ ከዚያ «ቴሌግራም ላይ ላክልኝ እስቲ» አሉና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ። ልጁ ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ፣ እግሩን ያልረገጥኩት በቸርነቴ እንደሆነ ሁሉ።

የሚቀጥለው አልጋ ላይ ያሉት ሰውዬ ሴፍትሪያክሶን ከጀመሩ ስድስተኛ ቀናቸው ነው። ለምን እንደተጀመረ ቻርቱ ላይ አልተጻፈም። ዛሬ የሚገዛላቸው ሰው ስላልመጣ ነርሷ ተቸግራ ነበር፤ የሊሙው ልጅ ያን ጊዜ ነው ሁለቱን ቫያል ከኪሱ አውጥቶ የሰጣት። የሰውዬው ሚስት «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» እያለች እጁን ያዘችው። እሱም ገንዘቡ ስላልባከነ ፊቱ በራ። ሲኒየሩ «ይቀጥል» አሉ። ጻፍኩት።